ወረቀት የሚገባበት እንጂ የማይወጣበት ጠረጴዛ

ሐምሌ እንደገባ፣ መርካቶ ጨርቃ ጨርቅ የሚነግዱ አንዲት ደንበኛዬ የዓመቱን ደረሰኞች በፌስታል ቋጥረው ወደ ቤቴ መጡ። እኔ የሂሳብ ባለሙያ ነኝ፤ ከቤቴ ሆኜ የአነስተኛ ነጋዴዎችን ሂሳብ እይዛለሁ፣ ታክሳቸውን አሳውቃለሁ፣ የዓመት መዝጊያ ሪፖርታቸውን አዘጋጃለሁ። እትዬ ወንበር ስቤላቸው ተቀመጡና ሻይ እስኪቀርብ ድረስ ጠረጴዛዬን፣ ከጠረጴዛው ሥር የተደረደሩትን ካርቶኖች፣ በመስኮቱ ደፍ ላይ የተደገፉትን ቦክስ ፋይሎች ዝም ብለው ሲቃኙ ቆዩ። ከዚያም ምንም ወቀሳ በሌለበት ድምፅ፣ «አንቺ ልጅ፣ እዚህ ቤት ወረቀት ይገባል እንጂ አይወጣም እንዴ?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«ሰኔ ስለተዘጋ ነው እትዬ፤ በዚህ ወቅት ሁሌም እንዲህ ነው» አልኳቸው። እሳቸውም ጥቂት አሰብ አድርገው፣ «እኛ ጋ የቆመ ዕቃ ኪራይ ይበላል። ያልተሸጠ ጣቃ መደርደሪያ ላይ በቆየ ቁጥር የሚሸጠውን ቦታ ነው የሚወስደው» አሉኝ። ሻያቸውን ጠጥተው፣ ፌስታላቸውን አስረክበው ሄዱ። እኔም የፌስታሉን ቋጠሮ ሳልፈታ እንዳለ ካርቶኖቹ ላይ አስቀመጥኩት፤ ጥያቄያቸው ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ አብሮኝ ዋለ፣ አብሮኝም አደረ።

ትጋት ያልቀነሰው ክምር

ጥያቄው የከበደኝ ትጋት ጎድሎኝ ስላልነበረ ነው። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባሉት ወራት የሂሳብ ሰው ምን ያህል እንደሚደክም ሙያውን የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ሲዘጋ የዕቃ ቆጠራው፣ መዝገብን ከባንክ መግለጫ ጋር የማስታረቁና የዓመታዊ ግብሩ ሥራ በአንድ ጊዜ ይመጣል፤ በየወሩ የሚቀርበው የተጨማሪ እሴት ታክስ፣ የሠራተኞች የደመወዝ ግብርና የጡረታ መዋጮም ዓመቱ ተዘጋ ብሎ አይቆምም። ማልዶ መነሣትም ሆነ አምሽቶ መሥራት ለእኔ እንግዳ ነገር አልነበረም። ታዲያ ይህን ያህል ሰዓት እየተሠራ ክምሩ ለምን አይጎድልም? የእትዬ ጥያቄ በእኔ ጆሮ የተተረጎመው እንዲህ ሆኖ ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ደግሞ ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ከቤቱ ለሚሠራ ሰው ግን ይህን የሚያስከብርለት ደወልም ሆነ ማታ የሚቆለፍ የቢሮ በር የለም። በዚህ የተነሣ ሥራ በተከመረ ቁጥር መጀመሪያ የሚመጣው መፍትሔ ሰዓት መጨመር ነው። እስከ ሌሊቱ አምስትና ስድስት ሰዓት ድረስ ደረሰኝ መመዝገብ ይቻላል፤ ዓይን በደከመ ጊዜ ግን 540 መሆን የሚገባው 450 ሆኖ ይገባል፣ በማግስቱም ሚዛኑ እምቢ ይላል፤ የመዝገቡ ሁለት ወገን እኩል አይመጣም። የሙያ ባልደረቦቼ የሚያውቋት አንዲት የቆየች ዘዴ አለች፤ በሁለቱ ወገን መካከል ያለው ልዩነት ያለ ቀሪ ለ9 የሚካፈል ከሆነ፣ የሆነ ቦታ ሁለት አሃዞች ቦታ ተለዋውጠው ሊሆን ይችላል ተብሎ ይጠረጠራል። ዘዴዋ ጠቃሚ ናት፤ ነገር ግን ሌሊት የተጨመረውን ሰዓት ጠዋት ያንኑ ሰዓት ስሕተት ለማፈላለግ መልሶ መክፈል፣ አበው «የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ» ያሉትን በቁጥር ማረጋገጥ ነው።

ሁለተኛው የተለመደ መፍትሔ ዕቃ መግዛት ነው። አዲስ የጠረጴዛ መብራት፣ አዲስ መደርደሪያ፣ አዲስ ማስታወሻ ደብተር፣ ስልክ ላይ የሚጫን አዲስ የሥራ ዝርዝር መተግበሪያ። ለጥቂት ቀናት መንፈስን ያድሳሉ፤ ይህን አልክድም፣ ንጹሕ ደብተር ላይ የመጀመሪያውን መስመር መጻፍ ራሱ ጉልበት አለው። ይሁንና አዲሱ መደርደሪያ የመጀመሪያ ተግባሩ አሮጌውን ክምር መሸከም ይሆናል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ይህ ወረቀት እዚህ ምን ይጠብቃል?

የነገሩ መልክ የተለወጠልኝ በአንድ የሐምሌ ማታ ነው። ዝናቡ በነጎድጓድ ታጅቦ ሲበረታ መብራት ጠፋ፤ ላፕቶፑም ብዙም ሳይቆይ ባትሪው አልቆ ተዘጋ። ሥራ መተው ባልችልበት ወቅት ኮምፒውተር የማይፈልግ ሥራ ስፈልግ ዓይኔ ክምሩ ላይ አረፈ። የእጅ ባትሪዬን ጠረጴዛው እግር ላይ አስሬ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩና ከላይ ያለውን የመጀመሪያውን ወረቀት አነሣሁ።

የአንድ ልብስ ሰፊ ደንበኛዬ የግዢ ደረሰኝ ነበር፤ የዚፕ፣ የክርና የቁልፍ ግዢ። የገዢው የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር አሥር አሃዝ መሆን ሲገባው አንዱ አሃዝ በካርቦኑ መንሸራተት ደብዝዞ 3 ይሁን 8 አይለይም። ወረቀቱን ከዚያ በፊት ብዙ ጊዜ አንሥቼ መልሼ አስቀምጬዋለሁ፤ ጥጉ ከመነካካቱ ብዛት ተጠቅልሏል። እንዲህ ያለ ወረቀት በእጄ ሲገባ ሁልጊዜ ራሴን የምጠይቀው «የት ላስቀምጠው?» ብዬ ነበር። ምናልባት የእትዬ ቃል በጆሮዬ ስላልጠፋ ይሆናል፣ ያን ማታ ግን ጥያቄው ተለውጦ መጣ፤ ይህ ወረቀት እዚህ ምን ይጠብቃል?

መልሱ ቀላል ነበር። አንድ የስልክ ጥሪ ይጠብቃል። ሻጩ ጋ ተደውሎ በእሱ እጅ በቀረው ቅጂ ላይ ያለው ቁጥር እስኪጣራ ድረስ ወደየትኛውም ፋይል ሊገባ አይችልም፤ ለዚያች አጭር ጥሪ ሲል ግን ለብዙ ጊዜ ጠረጴዛዬ ላይ ነግሦ ኖሯል። ሁለተኛውን አነሣሁ። በስቴፕለር የተያዘ የአንድ ወር የዜድ ሪፖርት፣ ማለትም ከካሽ ሬጅስተር የሚወጣ የቀን ሽያጭ ማጠቃለያ፣ ጥቅል ነው፤ ተመዝግቧል፣ ታክሱም ታውቋል። ምን ይጠብቃል? ምንም። ሦስተኛው የሱቅ ኪራይ ውል ነው፤ የአከራዩን ፊርማ ይጠብቃል፣ ማለትም ከእኔ እጅ ውጪ ያለ ሰው ይጠብቃል። አራተኛው የባንክ መግለጫ ነው፤ መካከሉ ላይ በእርሳስ የከበብኩት አንድ ገቢ ገንዘብ አለ፣ ከወንድማቸው የተበደሩት ይሁን የሽያጭ ገቢ አልተለየም። ይህኛው የሚጠብቀው እኔን ነው። ደንበኛዬን ጠይቄ፣ ማስረጃውን አይቼ፣ የቱ እንደሆነ እስክወስን ይጠብቃል።

ዝናቡ ካባራ በኋላም መብራት እስኪመጣ አልጠበቅኩም፤ ወረቀቶቹን እያነሣሁ፣ ያንኑ ጥያቄ እየጠየቅኩ ወለሉ ላይ በአራት ረድፍ ከፈልኳቸው። ምንም የማይጠብቀው ረድፍ ከሌሎቹ ሁሉ በልጦ ሲያድግ አየሁ። ሥራው ካለቀ በኋላ መውጫ ስላልተበጀለት ብቻ የቀረ ወረቀት ነበር፤ የእትዬ የቆመ ጣቃ ይህ ነው። በጣም የቀጠነው ረድፍ ደግሞ የእኔን ውሳኔ የሚጠብቀው ሆነ፤ በዓይን ሲታይ ጥቂት ገጽ ነው፣ ጠዋት ጠረጴዛው ጋ ከመቀመጤ በፊት ልቤን የሚያከብደኝ ግን እሱ እንደነበር የገባኝ ለብቻው ተነጥሎ ሳየው ነው። ቀድሞ ሁሉም ተደባልቆ ስለነበር ቀላሉንም ከባዱንም በአንድ ዓይን እያየሁ እፈራው ነበር።

ከዚያ ማታ በኋላ ፋይሎቼን በደንበኛ ስም ብቻ መደርደሬን ተውኩ። በሥራ ላይ ያለ ወረቀት በሚጠብቀው ነገር ይለያል፤ ጥሪ የሚጠብቀው በአንድ ትሪ፣ ሌላ ሰው የሚጠብቀው በሌላ ትሪ፣ የእኔን ውሳኔ የሚጠብቀው ደግሞ ፊት ለፊቴ። በደንበኛ ስም ወደሚጠራው ቦክስ ፋይል የሚገባው ምንም መጠበቁን ሲያቆም ነው፤ እዚያም የሚቆየው ለባለቤቱ እስኪመለስ ብቻ ነው። የንግድ ሰነድን በሕግ በተወሰነው ጊዜ መጠን ጠብቆ የማቆየት ግዴታ የግብር ከፋዩ ስለሆነ፣ ዋናው ሰነድ በእሱ እጅ መኖሩ ለሁለታችንም ይበጃል።

ለማስመለሱ ሥራ ያገለገለኝ የድሮው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሥርዓት ነው። መዝገብ ቤት ውስጥ የሠራ ወይም ጉዳይ ይዞ በመስኮቱ የቆመ ሰው ገቢና ወጪ መዝገብን ያስታውሳል፤ ደብዳቤ ሲገባ ቁጥርና ቀን ተሰጥቶት ይገባል፣ ሲወጣም ቁጥርና ቀን ተሰጥቶት ይወጣል። እኔም አንድ ትልቅ ደብተር ለሁለት ከፍዬ በቀኝ ገቢ፣ በግራ ወጪ እጽፋለሁ፤ ደንበኛው ሰነዱን ሲረከብ ከስሙ ትይዩ ይፈርማል። ከኮምፒውተር በፊት የነበረው ያ ሥርዓት ያረጀ ቢመስልም አንድ ነገር ከገባበት ቀን ጀምሮ መውጫው እንዲታሰብለት ያስገድዳል። በዚህ ደብተር ላይ የግራው ገጽ ከቀኙ ብዙ ወደኋላ የቀረ እንደሆነ፣ ክምር እየተፈጠረ መሆኑን ጠረጴዛው ሳይሞላ አስቀድሜ አያለሁ።

አምስቱ «ማ»ዎች ከፋብሪካ ወደ ቤት

ቀደም ሲል በአንድ ፋብሪካ የሂሳብ ክፍል ስሠራ ግድግዳው ላይ በትልልቁ የተጻፉ አምስት ቃላት ነበሩ፤ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ። ካይዘን የተባለው የጃፓኖች የሥራ ማሻሻያ ዘዴ በአገራችን ሲስፋፋ ብዙ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ እነዚህን «አምስቱ ማዎች» በሥልጠና ተምሯቸዋል። ነገሩ የተጀመረው በጃፓን ዓለም አቀፍ የትብብር ኤጀንሲ በጃይካ ድጋፍ ከ2002 እስከ 2003 ዓ.ም. በ30 ድርጅቶች ላይ በተደረገ ሙከራ ሲሆን፣ በ2004 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። ጃፓናውያኑ ሴይሪ፣ ሴይቶን፣ ሴይሶ፣ ሴይኬትሱና ሺትሱኬ የሚሏቸውን አምስት ቃላት፣ ሁሉም በ«ማ» እንዲጀምሩ አድርጎ በአማርኛ ያስቀመጠ ሰው ትልቅ ውለታ ውሏል፤ አንዴ የሰማቸው አይረሳቸውም።

የፋብሪካው ማሽን ክፍል በዚያ ሥልጠና ሲለወጥ በዓይኔ አይቻለሁ። የማያገለግል ዕቃ ላይ ቀይ ወረቀት ይለጠፍበታል፣ ለተወሰነ ጊዜ ፈላጊ ይጠበቅለታል፣ ፈላጊ ካጣም ከአዳራሹ ይወጣል። መፍቻዎች በሰሌዳ ላይ ቅርጻቸው ተስሎላቸው ይሰቀሉ ነበር። ይህን ሁሉ የብረትና የዘይት ሰዎች ጉዳይ አድርጎ ማየት ቀላል ነው፤ የቢሮ ሰው ደግሞ አንድ ጠረጴዛ ብቻ ስላለው ጉዳዩ የሚመለከተው አይመስለውም። ከዚያ የሐምሌ ማታ በኋላ አምስቱን ቃላት እንደገና ሳስባቸው ግን በተለይ ቅደም ተከተላቸው አስደነቀኝ።

ማጽዳት ሦስተኛ ነው። እኛ ግን የሥራ ቦታችንን እናድስ ስንል የምንጀምረው ከማጽዳት ነው፤ በጳጉሜን ቤቱን አራግፈን፣ ጠረጴዛውን ወልውለን፣ ወረቀቱን በወግ አስተካክለን ደርድረን አዲሱን ዓመት እንቀበላለን። ያልተጣራ ነገር ሲስተካከል የተስተካከለ ክምር ይሆናል፤ ከዚያ ወዲህ ደግሞ ዓይን ስለማይወቅሰው ከበፊቱ የበለጠ ዕድሜ ያገኛል። ማጣራት ከሁሉም የቀደመው ውሳኔ ስለሚጠይቅ ይመስለኛል። ይህ ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም ብሎ መቁረጥ ጨርቅ ይዞ ከመወልወል ይልቅ ያደክማል፤ ስለዚህም ሰው ይሸሸዋል።

ማስቀመጥ ሁለተኛው ነው፤ እሱም ለዓይን ከማማሩ ይልቅ ለእጅ መቅረቡ ይታሰባል። በየሰዓቱ የሚያስፈልገኝ ካልኩሌተር፣ ስቴፕለር፣ እርሳስና የውሳኔው ትሪ ከወንበር ሳልነሣ እጄ የሚደርስበት ክብ ውስጥ ናቸው። በሳምንት አንዴ የምነካው አንድ እርምጃ ራቅ ይላል፤ በዓመት አንዴ የሚፈለገው ላይኛው መደርደሪያ ላይ ይወጣል። በካይዘን ሥልጠና «ሙዳ» ከሚባሉት ሰባት የብክነት ዓይነቶች መካከል መጠበቅና ያለ ጥቅም መንቀሳቀስ ይገኙበታል። ፋብሪካ ውስጥ በሜትር የሚለካው እንቅስቃሴ በእኔ ክፍል ውስጥ ማሕተሙን ፍለጋ ተነሥቶ፣ መንገድ ላይ ሌላ ወረቀት አንሥቶ፣ ማሕተሙን ረስቶ መመለስ ነበር።

ስለ መስኮቱና ስለ ወንበሩ

በዚህ ላይ ብዙ አልቆይም፤ ሆኖም የክፍሌ መስኮት ያስተማረኝን ሳልናገር ማለፍ አይገባኝም። ከካሽ ሬጅስተር የሚወጣው ደረሰኝና የዜድ ሪፖርት በቀለም የሚታተም አይደለም፤ ወረቀቱ በሙቀት የሚጠቁር ቅባት ስላለው ጽሑፉ የሚወጣው በማሽኑ ራስ ሙቀት ነው። በዚህም ምክንያት ፀሐይና ሙቀት ያገኘው እንደሆነ ይደበዝዛል፣ ከቆየም ባዶ ወረቀት ይሆናል። የጠዋት ፀሐይ በቀጥታ በሚገባበት የመስኮት ደፍ ላይ የደንበኛን ማስረጃ መደርደር ማለት ማስረጃውን ለፀሐይ መስጠት ነው። ቦክስ ፋይሎቹ ጥላ ወዳለበት ግድግዳ ተዛወሩ፤ መቆየት ያለበት ደረሰኝ ደግሞ እንደገባ ፎቶ ኮፒ ይነሣለታል።

መስኮቱ ነፃ ሲሆን ጠረጴዛውን ማዞር ተቻለ። ቀድሞ ጀርባዬን ለመስኮቱ ሰጥቼ ስለምቀመጥ ብርሃኑ ስክሪኑ ላይ አርፎ ያንጸባርቅ ነበር፤ አሁን መስኮቱ በጎኔ ነው። ላፕቶፑ የስክሪኑ ላይኛ ጠርዝ ከዓይኔ እኩል እስኪሆን ድረስ ከፍ ብሎ ተቀምጧል፣ ለብቻው የሚሰካ ኪቦርድ ገዛሁለት፤ ክንዴ ከክርኔ ላይ በዘጠና ዲግሪ ይታጠፋል፣ እግሬም ወለል ይረግጣል። ከዕቃ ግዢዎቼ ሁሉ ያልተጸጸትኩበት ይህ ኪቦርድ ነው። የአንገት ሕመም ሥራ አያስተውም፤ ግን ከሰዓት በኋላ ያለውን ሥራ ከጠዋቱ ያነሰ ያደርገዋል፣ ሰውም ምክንያቱን ስንፍና ይመስለዋል።

የሚጠብቅ ሰዓት

ወረቀቱ ሲቀል ሌላው ክምር ጎልቶ ታየኝ። ደንበኞቼ ደረሰኛቸውን በስልክ ፎቶ አንሥተው በቴሌግራም ይልካሉ፤ ለእነሱ ትልቅ እፎይታ ነው፣ ለእኔም ከመርካቶ እስከ ሳሪስ ወረቀት ለመሰብሰብ ከመመላለስ ያድነኛል። ነገር ግን ፎቶው የሚመጣው እነሱ በተመቻቸው ሰዓት ነው። የአንዱን ነጋዴ የባንክ ሂሳብ እያስታረቅኩ የሌላው ደረሰኝ ድምፅ ያሰማል፤ ከፍቼ አየዋለሁ፣ «ደርሶኛል» እላለሁ፣ ወደ ማስታረቄ ስመለስ የትኛው መስመር ላይ እንደነበርኩ ይጠፋኛል።

በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ኧርቫይን ተመራማሪ የሆነችው ግሎሪያ ማርክ ከባልደረቦቿ ጋር እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣችው ጥናት ያገኘችው ነገር ስለዚህ ጉዳይ ያለኝን አስተሳሰብ አስተካክሎልኛል። እየተቋረጡ የሠሩት ሰዎች ሥራቸውን የጨረሱት ካልተቋረጡት ፈጥነው ነው፤ ያንን ፍጥነት የከፈሉት ግን በውጥረት፣ በብስጭትና በጊዜ ጥድፊያ ነው። መቋረጥ ሁልጊዜ የሚያዘገይ መስሎ የሚሰማን ሰዎች ይህን ልብ ልንለው ይገባል፤ ቀኑን ሙሉ እየተቋረጠ ብዙ ሥራ የጨረሰ ሰው ፈጣን ነኝ ብሎ ሊደሰት ይችላል፣ ማታ ለምን እንዲህ እንደዛለ ግን አያውቅም። ሶፊ ሌሮይ የተባለች ሌላ ተመራማሪ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2009፣ ሰው አንዱን ሥራ ሳይቋጭ ወደ ሌላው ሲሻገር የሐሳቡ ከፊል በቀደመው ላይ እንደሚቀርና ሁለተኛውን ሥራ እንደሚያዳክመው አሳይታለች። የሂሳብ ሰው ይህን ለማመን ሩቅ መሄድ የለበትም፤ ያልታረቀ ልዩነት ትቶ ምሳ የበላ ሁሉ ምሳው ምን እንደነበር አያስታውስም።

ስለዚህ ለወረቀቱ የጠየቅኩትን ጥያቄ ለሰዓቱም ጠየቅኩት። ይህ ሥራ ምን ይጠብቃል? ማስታረቅና ሪፖርት ማዘጋጀት ንቁ ጭንቅላት ይጠብቃል፤ ስለዚህ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ስድስት ያለው ጊዜ የእሱ ሆነ፣ የቴሌግራሙም ድምፅ ይዘጋል። መመዝገብ ትዕግሥት ያለው እጅ እንጂ ብዙ ማሰብን አይጠብቅም፤ ከሰዓት በኋላ ይሠራል። መልእክቶቹን ስድስት ሰዓት ላይና አሥር ሰዓት ላይ እከፍታለሁ፤ ይህንንም ለእያንዳንዱ ደንበኛ ነግሬ፣ አስቸኳይ ነገር ከመጣ ግን ይደውሉልኝ ብያለሁ። ቅር እንዳይላቸው ሰግቼ ነበር። የገጠመኝ ግን ሌላ ነው፤ ደንበኞቼ ነጋዴዎች ናቸው፣ ሱቅ መክፈቻና መዝጊያ ሰዓት እንዳለው ከማንም በላይ ያውቃሉ። የሚደውለው ሰውም ጥቂት ሆነ፤ ለመደወል የሚያበቃ ነገር ከታሰበው በጣም ያንሳል።

መብራትም የራሱ ሰዓት አለው፤ እሱን ማዘዝ አይቻልም። የሚቻለው መብራት ሲጠፋ የሚሠራውን ሥራ አስቀድሞ ማዘጋጀት ነው። የጥሪው ትሪ ለዚህ ይውላል፤ ስልክ እንጂ ኮምፒውተር ስለማያስፈልገው መብራት በጠፋ ቁጥር ደረሰኙ የደበዘዘባቸውን፣ ፊርማ የጎደላቸውን፣ ቁጥር የተሳሳተባቸውን ሻጮችና አከራዮች በተራ እደውልላቸዋለሁ። ያ ትሪ ከሐምሌ ወዲህ ሞልቶ አያውቅም፤ ለዚህ የአዲስ አበባ ክረምት ራሱ ረድቶኛል።

የቀኑ መዝጊያ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። የሂሳብ መዝገብ ሲዘጋ ዕዳና ሀብት ተለይተው ወደ ቀጣዩ ዘመን እንደሚሻገሩ፣ ያላለቀው ሥራ ምን እንደሚጠብቅ በአንድ መስመር ተጽፎ ወደ ነገ ይሻገራል፤ የነገው የመጀመሪያ ሥራም ስሙ ከላይ ይሰፍራል። ከዚያ ላፕቶፑ ይዘጋል። በጣም የተጨናነቀ ሳምንት ሲመጣ ይህ ሰዓት ይጣሳል፤ ሳይጻፍ የተዘጋ ቀን ግን ማግስቱን ገና ከጠዋቱ ይበላዋል።

ማዝለቅ

አምስተኛው «ማ» ከአራቱ ድምር ይከብዳል። በፋብሪካው እያለሁ ያየሁት ይህንኑ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ወራት ፎቶ ይነሣሉ፣ በፊትና በኋላ ተብለው በሰሌዳ ላይ ይለጠፋሉ፣ ከዓመት በኋላ ግን ሰሌዳው ራሱ አቧራ ይለብሳል። የዘለቁት ክፍሎች ኃላፊያቸው ጥብቅ የሆኑት አልነበሩም። ለዚህ ተግባር የታወቀ ቀንና ሰዓት የነበራቸው ናቸው፤ ሥርዓቱ በሰው ስሜት ላይ አልተንጠለጠለም ነበር። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለውን ተረት ስንጠቅስ «ቀስ» በሚለው እንጽናናለን፤ ለእኔ ግን ዋናው «በቀስ» የሚለው መደጋገም ሆኖ ይታየኛል። የእኔ ቀን ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ገቢና ወጪ ደብተሩ ይታያል፣ ምንም የማይጠብቀው ወረቀት ወደ ፋይሉ ይገባል፣ የሚመለስ ሰነድ ያላቸው ደንበኞች ይደወልላቸዋል።

ማላመድ፣ ማለትም ሥርዓቱን ማንም ሊከተለው እንዲችል ማድረግ፣ የሠመረ መሆኑን የፈተነችልኝ የእህቴ ልጅ ናት። አካውንቲንግ እየተማረች ስለሆነ በክረምቱ ዕረፍቷ ልታግዘኝ መጣች። ሆን ብዬ ስለ አቀማመጡ ምንም ሳልነግራት «የልብስ ሰፊውን የግንቦት ግዢ ደረሰኞች አምጪልኝ» አልኳት፤ በትሪዎቹና በፋይሎቹ ላይ የተለጠፈውን አንብባ ሳትጠይቀኝ አመጣች። ከዚያ የኪራይ ውሉን፣ ከዚያም ፊርማ የሚጠብቁትን። ሥርዓቱ በእኔ ትዝታ ውስጥ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህ አይሆንም ነበር፤ በታመምኩ ወይም ለሐዘን አገር ቤት በሄድኩ ጊዜ የደንበኞቼ ሥራ ከእኔ ጋር ይቆም ነበር።

አንድ ቦታ ላይ ግን ቆማ ጠየቀችኝ። «አክስቴ፣ በቴሌግራም የመጡት ፎቶዎች የት ነው የሚቀመጡት?» አለችኝ። የሚቀመጡት ስልኬ ውስጥ ነው፤ የልጆች የልደት ፎቶ፣ የዕድር ማስታወቂያና የአሥር ሱቅ ደረሰኝ ተደባልቀው። ወረቀት አለመሆናቸው ክምርነታቸውን ሰውሮታል እንጂ፣ እነሱም እያንዳንዳቸው አንድ ነገር ይጠብቃሉ፤ አብዛኞቹ ደግሞ ዋናው ደረሰኝ እስኪመጣ ነው፣ ፎቶ ብቻውን ማስረጃ ሆኖ አይቀርምና። ከእህቴ ልጅ ጋር ሆነን ለእያንዳንዱ ደንበኛ በኮምፒውተሩ ላይ የወር ማኅደር ከፈትን፤ አሥር ሰዓት ላይ መልእክት ስከፍት ፎቶው ወደ ማኅደሩ ይሻገራል፣ ከስልኩም ይጠፋል። ዋናውን ደረሰኝ ወር በገባ በመጀመሪያው ሳምንት እንዲያመጡልኝ ከመስከረም ጀምሮ ለሁሉም ነግሬያለሁ፤ እትዬ የነሐሴውን ቀድመው ልከው፣ በሐምሌ ያስረከቡኝ ፌስታል ተሠርቶ ካለቀ እንድመልስላቸው በዚያው ጠይቀውኛል።